የአርመኖችን ሮክ እንደ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሐተታ ለማዳመጥ

ስለ አርመን ሮክ ሙዚቃ ለመጻፍ፣ የሬዲዮ ዝግጅት ለማሰናዳት ወይም እንዲሁ በጥሞና ለማዳመጥ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከተመሠረተው ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ከተባለው ባንድ ነው። ግጥሞቹን ያነባል፣ ስለ 1915ቱ የዘር ማጥፋት የተባለውን ለቅሞ ያወጣል፣ ከዚያም የአርመን ሮክ የሚናገረው ይህንን ነው ብሎ ይደመድማል። አካሄዱ ስሕተት ነው ባይባልም ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም አርመኖች ሮክን የተጫወቱት ፈጽሞ በማይመሳሰሉ ሦስት ሁኔታዎች፣ ማለትም በሶቪየት አገዛዝ ሥር፣ በነጻዪቱ ሪፐብሊክ ውስጥና በስደት አገር ሆነው ነው። በመሆኑም አንድን ዘፈን ከመተርጎም በፊት የት ተዘፈነ፣ ለማን ተዘፈነ፣ ዝም ሊያሰኘው የሚችለውስ ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእኔ አመለካከት ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ሐተታው በማን ላይ እንዳነጣጠረ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከግጥሙ ሳይሆን ከከልካዩ ማንነት ነውና።

ለመነሻ የሚያስፈልገው የታሪክ ዕውቀት ብዙ ባይሆንም ጥቂት ቀኖችን በቃል መያዝ ግድ ይላል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኦቶማን መንግሥት የአርመን ምሁራንንና የሕዝብ መሪዎችን ከቁስጥንጥንያ ለቅሞ ማሰር የጀመረው አፕሪል 24 ቀን 1915 ሲሆን፣ በተከተለው እልቂትና የግዳጅ ስደት እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱ አርመኖች እንደሞቱ ይገመታል፤ የቱርክ መንግሥት ግን ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብሎ እስከ ዛሬ አልተቀበለም። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በአፕሪል 1965፣ የሶቪየት አርመንያ ዋና ከተማ የዬሬቫን ሕዝብ ለሟቾቹ እውቅና ለመጠየቅ አደባባይ ወጣ፤ በ1967 በጺጼርናካበርድ ኮረብታ ላይ የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት የዚያ ግፊት ውጤት ነው። በ1988 መጀመሪያ በሶቪየት አዘርባጃን ሥር የነበረውና አብዛኛው ነዋሪው አርመን የሆነው የናጎርኖ ካራባክ ግዛት ጥያቄ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን የሰሜኑን ክፍል የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ 25,000 ያህል ሰዎችን ገደለ። በ1991 ነጻነት መጣ። የቀሩትን ቀኖች ዘፈኖቹ ራሳቸው ያመጧቸዋል።

በሶቪየት ዘመን የተቀረጹትን ማዳመጥ

በዚያ ዘመን ሸክላ የሚያሳትመው ሜሎዲያ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በይፋ መድረክ ላይ የሚወጣ ቡድን ግጥሙን ለሳንሱር ማሳየት ነበረበት፤ ሮክ የሚለውን ቃል ሸሽቶም «የድምፅና የመሣሪያ ጓድ» በሚል የተገራ ስያሜ መጠራት ይቀልለው ነበር። ከዚህ ማዕቀፍ ውጭ የቀረ ሙዚቃ ከቴፕ ወደ ቴፕ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይዞር ስለ ነበር፣ የድምፁ ጥራት ዝቅ ያለ ቅጂ ሲያጋጥምዎት እንደ ጉድለት ከመቁጠር ይልቅ ዘፈኑ የተጓዘበትን መንገድ የሚናገር ማስረጃ አድርገው ይያዙት።

የዚህን ዘመን መንፈስ ለመረዳት በ1949 በዬሬቫን የተወለደውንና በሙያው አርክቴክት የሆነውን አርቱር መስቺያንን ማዳመጥ ይበቃል። እርሱ የመሠረተው ባንድ አራክያልነር፣ ማለትም ሐዋርያት፣ ይባል ነበር። እግዚአብሔር የለም በሚል መንግሥት ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዙ ወጣቶች ራሳቸውን ሐዋርያት ብለው ሲጠሩ፣ አንድም ግጥም ሳይሰማ አቋማቸው ታውቋል፤ ባለሥልጣናቱም ነገሩ ገብቷቸው ቡድኑን ከልክለውታል። መስቺያን በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ አገሩ ተመልሷል።

የመስቺያንን ዘፈኖች ሲያዳምጡ መጀመሪያ ግጥሙን ይተዉት። የጊታሩን ዝግታ፣ የድምፁን ከባድነት፣ መዘምራን የሚቀባበሉ የሚመስለውን አዝማች ያስተውሉ። ዜማው ከሮክ ይልቅ ወደ አርመን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚጠጋበት ቦታ ሲደርስ፣ የተከለከለው ነገር የተባለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የግጥሙን ትርጉም ያንብቡ። በአንዱ ታዋቂ ዘፈኑ እግዚአብሔርን «የት ነበርክ?» ብሎ ይሞግታል፤ ይህ የክህደት ሳይሆን የእዮብ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ አንድ ሕዝብ ሐዘኑን በይፋ እንዳያለቅስ በተከለከለበት አገር ደግሞ ለአምላክ የቀረበ ክስ የምድሩንም ገዥ ሳይነካ አያልፍም።

በሰምና ወርቅ ያደገ የእኛ ጆሮ ለዚህ ዘመን ዘፈኖች ጥሩ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ሳያስቀምጡ ወደ ስደተኞቹ ባንዶች መሻገር ግን ያሳስታል፤ እዚያ የፖለቲካው ነገር በግላጭ ይጮኻልና። ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ከአስከፊ እውነት አጠገብ ትርጉም የለሽ ቀልድ መደርደር ይወዳል፤ በእያንዳንዱ ቀልድ ሥር ወርቅ የሚቆፍር አድማጭ ቀልዱም ያመልጠዋል፣ እውነቱም ይደበዝዝበታል።

ግዩምሪና የባህል ዜማ ጉዳይ

በ1978 ጋጊክ ባርሴግያን በዚያን ጊዜ ሌኒናካን ትባል በነበረችው በግዩምሪ ከተማ ባምቢር የተባለውን ቡድን አቋቋመ፤ የቡድኑ መለያ የአርመንን የባህል ዘፈን ከሮክ ጋር ማዋሐድ ነበር። ከአንድ ትውልድ በኋላ ልጁ ናሬክ ባርሴግያን ከጓደኞቹ ጋር ስሙን ወርሶ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነ ሮክ መጫወት ጀመረ። ሁለቱን ባምቢሮች አከታትሎ ማዳመጥ ከማንኛውም ጽሑፍ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል፤ በአባትየው ቡድንና በልጅየው ቡድን መካከል የመሬት መንቀጥቀጡ፣ የመንግሥት ለውጡና የኢኮኖሚው ውድቀት አሉና። ግዩምሪ በአደጋው ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ከዓመታት በኋላም በጊዜያዊ መጠለያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩባት።

የባህል ዜማ ፖለቲካ የሚሆነው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልሱ ያለው በኮሚታስ ታሪክ ውስጥ ነው። ካህኑና የሙዚቃ ሊቁ ኮሚታስ በየመንደሩ ዞሮ የገበሬውን ዘፈን ሰበሰበ፤ አፕሪል 24 ቀን 1915 ከታሰሩት አንዱ እርሱ ነበር፤ ከሞት ቢተርፍም አእምሮው ታውኮ በ1935 በፓሪስ አረፈ። እርሱ የሰበሰባቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ የተዘፈኑባቸው መንደሮች ከነነዋሪዎቻቸው ጠፍተዋል። በመሆኑም አንድ የሮክ ባንድ ከዚያ ስብስብ አንድ የመከር ዘፈን ወስዶ በጊታር ሲጫወተው፣ ቃሉ ስለ በሬና ስለ ማረሻ ቢሆንም የአርመን አድማጭ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። በማስታወሻዎ ላይ ዜማው አዲስ ድርሰት ነው ወይስ የቆየ የሚል ዓምድ ያስገቡ፤ ብዙ የሚታለፍ ነገር የሚያዘው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ከአደጋው በኋላ በ1989 የእንግሊዝ ዕውቅ ሮከኞች ተሰባስበው ለተጎጂዎች መርጃ የሚሆን ቅጂ አወጡ፤ ከእነርሱ መካከል ኢያን ጊላንና ቶኒ አዮሚ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለግዩምሪ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገንዘብ አሰባስበዋል። ይህ ክቡር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ስለ አርመንያ የተደረገ በጎ አድራጎት እንጂ አርመኖች ስለ ራሳቸው የሰጡት ሐተታ ስላልሆነ በተለየ መዝገብ ይያዝ።

የ1990ዎቹ መጀመሪያ «የጨለማና የቅዝቃዜ ዓመታት» ይባላል። ጦርነት ነበረ፣ ከአዘርባጃንና ከቱርክ ጋር ያሉት ድንበሮች ተዘጉ፣ የሜትሳሞር የኑክሌር ማመንጫ ከ1989 እስከ 1995 ቆሞ ስለ ነበር ቤቶች መብራት የሚያገኙት በቀን ለጥቂት ሰዓታት ነበር። ኤሌክትሪክ በሌለበት ኤሌክትሪክ ጊታር ምን ያህል እንደሚራመድ መገመት አያዳግትም፤ ከዚህ ዘመን ጥቂት ቅጂ ቢያገኙ አይግረምዎት። ማኅበራዊውን መልክ ለመረዳት ሌላም ነገር ይወቁ፤ በሠርግ ቤቱና በታክሲው የነገሠው ራቢዝ የሚባለው ስልት ነበር፣ አሁንም ተወዳጅ ነው። የዬሬቫን ሮክ አድማጭ ቁጥሩ አነስተኛ፣ በአብዛኛው የተማረና ከተሜ ነው፤ ራቢዝንም ይንቃል። የሮክ ዘፈን ስለ ሙስናና ስለ ግብዝነት ሲናገር አንዳንድ ጊዜ የሚተቸው ባለሥልጣኑን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን የኑሮ ዘይቤም ነው። ሮክን «የአርመን ሕዝብ ድምፅ» ብሎ መጥራት ይህን የመደብ ልዩነት መሸፈን ይሆናል።

የስደተኞቹን ሮክ ማዳመጥ

ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን በ1994 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። አራቱም አባላት አርመኖች ናቸው፤ ድምፃዊው ሰርጅ ታንኪያንና ጆን ዶልማያን ቤይሩት፣ ሻቮ ኦዳጂያን ዬሬቫን፣ ዳሮን ማላኪያን እዚያው ሎስ አንጀለስ ተወለዱ። የትውልድ ቦታዎቹ ዝርዝር ራሱ የአንድ የተበተነ ሕዝብ ካርታ ነው። የሚዘፍኑት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህም ለማን እንደሚዘፍኑ ይነግረናል። ተደራሲው ስለ 1915 ሰምቶ የማያውቀው የአሜሪካ ወጣት ነው።

ዘፈኖቻቸውን ሲያዳምጡ በሁለት ክምር ይለዩዋቸው፤ አርመናዊ ጉዳይ ያላቸው በአንድ በኩል፣ አሜሪካዊ ጉዳይ ያላቸው በሌላ በኩል። ሁለተኛው ክምር እጅግ ሲበልጥ ያያሉ። የ1998ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው የሚዘጋው ስለ ዘር ማጥፋቱና ስለ ክህደቱ በቁጣ በሚናገር ዘፈን ነው፤ በ2005 ባወጡት ሂፕኖታይዝ በተባለው አልበም ላይም በአርመንያና በቱርክ ድንበር ላይ የሚፈስሰውን የአራስን ወንዝ የሚያነሣ ሌላ ዘፈን አለ። የቀሩት ግን ስለ አሜሪካ እስር ቤቶች መጨናነቅ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ማስታወቂያና ስለ ጦርነት ናቸው፤ የግራሚ ሽልማት ያስገኘላቸውም ድሆችን ወደ ግንባር ስለሚልክ መንግሥት የሚጠይቀው የኢራቅ ጦርነት ዘመን ዘፈን ነው። እኔ ሁለቱ ክምሮች ተለያይተው እንዲቀሩ አልፈልግም፤ ለመለየት የምመክረው መልሶ ለማገናኘት ነው። የአያቶቻቸው ታሪክ ኃያል መንግሥት ሰው እየገደለ እንዴት እንደሚዋሽ አስተምሯቸዋል፤ ያንን ትምህርት ይዘው የሚኖሩበትን አገር ተመለከቱ። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ከቱርክ ጋር ላላት ወዳጅነት ስትል ዘር ማጥፋት የሚለውን ቃል ትሸሽ ስለ ነበር፣ ለእነርሱ አሜሪካን መተቸትና ስለ 1915 መናገር አንድ ጉዳይ ነበር። ምክር ቤቱና ሴኔቱ በ2019፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በ2021 ቃሉን ተጠቅመዋል።

በአሜሪካ ሳንሱር የለም የሚል አንባቢ ካለ ሦስተኛውን ጥያቄ፣ ዝም ሊያሰኝ የሚችለው ማን ነበር የሚለውን፣ እዚህም ያንሣ። ቶክሲሲቲ የተባለው አልበማቸው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 ወጥቶ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ በሆነበት ሰሞን የኒው ዮርክና የዋሽንግተን ጥቃት ደረሰ። ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የነበሩት ክሊር ቻነል የተባለ ኩባንያ ለወቅቱ የማይመቹ ናቸው ባላቸው ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ አንዱን ዘፈናቸውን አስገባ፤ ታንኪያን ከጥቃቱ ሁለት ቀን በኋላ ስለ አሜሪካ የውጭ ፖሊሲ የጻፈው ጽሑፍም ከባንዱ ድረ ገጽ እንዲወርድ ተደረገ። ከልካዩ መንግሥት አልነበረም፤ ገበያና ፍርሃት ነበሩ። ይህን ከመስቺያን ዕጣ ጋር አስተያይቶ መጻፍ ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል፤ አንዱ መድረክ ሲያጣ ሌላው ያጣው ጥቂት የአየር ሰዓት ስለ ሆነ ግን እኩል ናቸው ማለት አይቻልም።

ቶክሲሲቲን እስከ መጨረሻው ያዳምጡት። ካበቃ በኋላ አርቶ ቱንችቦያጅያን ከተባለው የኢስታንቡል ተወላጅ አርመናዊ ሙዚቀኛ ጋር የሠሩት ስውር ቅጂ ይመጣል፤ መሠረቱ «አቤቱ ማረን» የሚለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። የአርመንና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያኖች እኅትማማቾች በመሆናቸው በእግዚኦታ ያደገ አድማጭ ስሜቱን ለመያዝ አስተርጓሚ አያሻውም። የ1915ቱ ታሪክም ቢሆን ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች የዚያ እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል።

ወደ ውጭ የሚጮኸውንና ወደ ውስጥ የሚናገረውን መለየት

ለመጻፍ ለሚዘጋጅ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው መለኪያ ይህ ይመስለኛል። ስለ ዘር ማጥፋቱ መዝፈን በዛሬዪቱ ዬሬቫን ድፍረት አይጠይቅም፤ መንግሥትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርት ቤትም የሚሉት ነው። ድፍረቱ የሚለካው ዘፈኑ ወደ ቤት ሲዞር ነው። ዘፈኑ ስለ ተጭበረበረ ምርጫ፣ ከሥልጣን ጋር ስለ ተጣበቁ ባለሀብቶች፣ ሥራ አጥተው ወደ ሩሲያ ስለሚሄዱ አባቶች ወይም ከምርጫ በኋላ በማርች 1 ቀን 2008 በዬሬቫን ስለ ተገደሉት አሥር ሰዎች የሚናገር ከሆነ፣ የሚያስከፋው ጎረቤት አገርን ሳይሆን የራስን ገዥ ነው።

በዚህ ረገድ የታንኪያን አካሄድ በቅደም ተከተል ቢጠና ይበጃል። በ2013 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ከታወጀ በኋላ ስለ ምርጫው ንጽሕና ለፕሬዚዳንት ሰርዥ ሳርግስያን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስም አገኘ። አፕሪል 23 ቀን 2015 በመቶኛው ዓመት ዋዜማ ባንዱ በዬሬቫን ሪፐብሊክ አደባባይ በዝናብ ውስጥ በነጻ ተጫወተ፤ በዚያ ሌሊት ስለ ሙታን ብቻ ሳይሆን በአገር ቤት ስላለው ኢፍትሐዊነትም ከመድረክ ተናግሯል። የኮንሰርቱን ቅጂ ሲያዩ ዘፈኖቹን ብቻ አይከታተሉ፤ በዘፈኖቹ መካከል የሚባለውን ይያዙ፣ ሐተታው ያለው በአብዛኛው እዚያ ነው። ከሁለት ወር በኋላ መንግሥት የመብራት ዋጋ ከ16 በመቶ በላይ ለመጨመር ሲወስን ወጣቶች የባግራምያንን ጎዳና ዘጉ፤ ታንኪያን በኋላ ለዚያ እንቅስቃሴ «ኤሌክትሪክ ዬሬቫን» የሚል ዘፈን ሠርቶ በ2021 አወጣ። ከመቶኛው ዓመት ኮንሰርት ልክ ሦስት ዓመት በኋላ፣ አፕሪል 23 ቀን 2018፣ ከፕሬዚዳንትነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሻግሮ የነበረው ሳርግስያን በሕዝብ ተቃውሞ ከሥልጣን ወረደ፤ ሕዝቡ ደስታውን የገለጸውም በዚያው አደባባይ ነበር። ታንኪያን በሜይ መጀመሪያ ዬሬቫን ደርሶ ከሕዝቡ ጋር ቆሟል። ሙዚቃው መንግሥት ገለበጠ ማለት ግን ማጋነን ነው፤ መንግሥቱን ያወረደው ጎዳና የዘጋው ሕዝብ ነው።

ወደ ውጭ የሚናገረውም ቢሆን ሁልጊዜ በነጻነት አይናገርም። በ2015ቱ የዩሮቪዥን ውድድር አርመንያን የወከለው ቡድን ከአርመንያና ከአምስት አህጉራት በተሰባሰቡ አርመኖች የተዋቀረ ሲሆን፣ አፍሪካን ወክሎ የቆመው የአዲስ አበባው ቫሄ ቲልቢያን ነበር። የዘፈኑ የመጀመሪያ ርእስ «አትካዱ» የሚል ነበር፤ ውድድሩ የፖለቲካ መልእክት ስለማይፈቅድ ወቀሳ ተነሣና ርእሱ ተለወጠ። ዘፈኑ ሮክ ባይሆንም ከልካዩን የመፈለግን ልምምድ ለመጀመር ይመቻል።

ስለ ካራባክ የተዘፈኑትን በተመለከተ

ኖቬምበር 6 ቀን 2020፣ በካራባክ ከአዘርባጃን ጋር የተደረገው የ44 ቀኑ ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ከ15 ዓመት ዝምታ በኋላ ሁለት አዳዲስ ዘፈኖችን አወጣ፤ ገቢውም ለአርመንያ መርጃ ተሰጠ። እነዚህን ዘፈኖች ከሌሎቹ በተለየ ጥንቃቄ ይያዟቸው። በመጀመሪያ ሐተታ ከመሆናቸው በፊት ጥሪ ናቸው፤ የተዘፈኑት ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ለተዋጊውና ለረጂው ነው። ቀጥሎም ትርጉማቸው ከቀኑ ጋር ተለውጧል፤ በሴፕቴምበር 2023 አዘርባጃን ግዛቱን ሙሉ በሙሉ ከያዘች በኋላ ከ100,000 በላይ አርመኖች ለቀው ስለ ወጡ፣ መሬቱን ጠብቁ የሚለው ቃል ዛሬ እንደ ለቅሶ ይሰማል። ስለዚህ የተሠራበትን ቀን እና እርስዎ ያዳመጡበትን ቀን ለየብቻ ይመዝግቡ። በመጨረሻም ዘፈን የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ በ1990ዎቹ የመጀመሪያው ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን ከዚያው አካባቢና ከአዋሳኝ ወረዳዎች መፈናቀላቸውን እነዚህ ዘፈኖች አይነግሩንም፤ ጽሑፍዎ ግን ሊነግር ይገባል።

አርመንኛ የማያውቅ ጸሐፊ የግጥም ትርጉም ሲያገኝ በምሥራቁ አርመንኛ ነው ወይስ በምዕራቡ የተጻፈው ብሎ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው የሪፐብሊኳ፣ ሁለተኛው ከኦቶማን ግዛት የተበተኑት ልጆች ቋንቋ በመሆኑ ድምፃዊው ወደ ማን እንደ ዞረ ይጠቁማል። ከተቻለ ሁለት አርመኖችን፣ አንዱን ከዬሬቫን ሌላውን ከስደተኛው ማኅበረሰብ፣ አንድ ዘፈን አሰምቶ የየራሳቸውን አስተያየት መቀበል ጥሩ ነው፤ ካልተስማሙ አለመስማማታቸውን እንዳለ ይጻፉት።

ስትጽፉም «ባንዱ እንዲህ ይላል» ከማለት ተቆጠቡ። ታንኪያን የግራ ዘመም አቋሙን ሲገልጽ የኖረ ሰው ነው፤ ከበሮ መቺው ዶልማያን ደግሞ በ2020 ለዶናልድ ትራምፕ ያለውን ድጋፍ በይፋ ተናግሯል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ስለ ካራባክ አብረው ተጫወቱ። የ2020ቱን ሁለት ዘፈኖች የጻፈው ማላኪያን ሲሆን፣ እርሱ በ2018 በሌላው ባንዱ ስለ ዘር ማጥፋቱ ያወጣው ዘፈንም ከሟቾቹ ይልቅ በሕይወት የተረፉትን የሚያወድስ፣ የባህል ጭፈራ የታከለበት ነው። የእያንዳንዱን ዘፈን ደራሲ በስሙ ጠርተው፣ ዓመቱንና ቦታውን አስከትለው ይጻፉ።